የሚለያይ ምድርና የሚሞላ እሳት
ስለ እሳተ ገሞራ ደሴቶች ለሕዝብ የተደረገ የትምህርት ንግግር

ኅዳር 4 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1963፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ከአይስላንድ በስተደቡብ ቬስትማን ከሚባሉት ትንንሽ ደሴቶች አጠገብ ዓሣ በማጥመድ ላይ የነበሩ መርከበኞች ከባሕሩ ፊት ጥቁር ጢስ ሲትጎለጎል ተመለከቱና፣ እንደ እነርሱ ያለ የዓሣ አጥማጆች መርከብ የተቃጠለ መስሏቸው ነፍስ ለማዳን ወደዚያው ገሠገሡ። ቀርበው ባዩት ጊዜ ግን እሳቱ የመርከብ እሳት አልነበረም፤ 130 ሜትር ያህል ከሚጠልቀው ውሃ በታች ምድር ተሰንጥቃ ዐመድና እንፋሎት ወደ ሰማይ ትተፋ ነበር። በማግሥቱ ከማዕበሉ መካከል ጥቁር ጉብታ ብቅ አለ፤ ጉብታው ኮረብታ፣ ኮረብታውም ደሴት ሆነ፤ እሳቱም እየበረደ እየተቀሰቀሰ እስከ ጁን 1967 ድረስ ቆይቶ በጠፋ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በማንም ካርታ ላይ ያልነበረ፣ 2.7 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አዲስ ምድር በውቅያኖሱ ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። የአይስላንድ ሰዎችም በጥንት አፈ ታሪካቸው የእሳት አለቃ ከነበረው ከሱርትር ስም ወስደው ሱርትሴይ፣ ማለት የሱርትር ደሴት፣ ብለው ሰየሙት። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።)

የብስ ከውሃ መካከል ትገለጥ ዘንድ የታዘዘችበትን ዕለት ስናነብ፣ ነገሩ በዘመነ ፍጥረት ተፈጽሞ ያበቃ አድርገን እናስበዋለን እንጂ፣ ወላጆቻችን በኖሩበት ዘመን፣ መርከበኞች ቡናቸውን ይዘው በመርከብ ጠርዝ ላይ ቆመው ሊያዩት የሚችሉት ነገር አድርገን አናስበውም። እኔን ስለ እሳተ ገሞራ ደሴቶች እንድናገር ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ያ እሳት ከወዴት መጣ? ምድርን ማን ሰነጠቃት? የተሰነጠቀችው እሳቱ ስለገፋት ነውን፣ ወይስ እሳቱ የወጣው እርሷ ስለተሰነጠቀች? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት ዛሬም የሚመራመሩበትና፣ እኔም በዚህ ንግግር ደጋግሜ የምመለስበት ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ በአእምሯችን ውስጥ የተቀረጸ አንድ ሥዕል ልፍቅ። ስለ እሳተ ገሞራ የሰማ ሰው ሁሉ ከእግሩ በታች ባሕረ እሳት የተንጣለለ፣ የምድር ቅርፊትም በላዩ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት የተጋረደ ይመስለዋል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ጸሐፍት ሄክላ የሚባለውን የአይስላንድ ተራራ የሲኦል በር ነው ብለው የጻፉት ከዚሁ አሳብ ተነሥተው ነው፤ አልፈርድባቸውም፤ በዘመናቸው ከዚህ የተሻለ ምክንያት የሚሰጣቸው አልነበረምና። ነገር ግን ከቅርፊቱ በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚወርደው፣ ሊቃውንት ማንትል የሚሉት ታላቁ የምድር ክፍል፣ እጅግ የጋለ ቢሆንም ጠጣር ዐለት ነው እንጂ ፈሳሽ አይደለም። ይህም የታወቀው በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከሚነሡት ሞገዶች መካከል በፈሳሽ ውስጥ ከቶ ማለፍ የማይችለው ዓይነት በማንትል ውስጥ ሳይገታ ማለፉ ስለተረጋገጠ ነው። ጠጣርነቱ ግን በእኛ ዕድሜ ሲለካ ነው፤ በሚሊዮን ዓመታት የሚያየው ቢኖር፣ ያ ዐለት ፀሐይ እንዳገኘው ሰም ቀስ እያለ ሲፈስ፣ የጋለው ሲወጣ የበረደውም ሲወርድ ይመለከተው ነበር።

እንግዲህ ጠጣር ከሆነ ማግማ የምንለው ቅልጥ ዐለት ከወዴት ይገኛል? ለዚህ መልስ የሚሰጠን ምሳሌ በየቤታችን በምድጃ ላይ ተጥዶ ይገኛል። በአዲስ አበባ የሚጣድ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ በጅቡቲ ጠረፍ የሚጣደው ግን 100 ዲግሪ ሊሞላ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በደጋው ላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀል ውሃው ከፈሳሽነት ለመላቀቅ ብዙ ሙቀት አይጠይቅም። የማንትልም ዐለት እንዲሁ ነው። በጥልቅ ሳለ ሙቀቱ ለመቅለጥ የሚበቃ ሆኖ ሳለ የሚያስረው በላዩ ያለው ክብደት ነው። ይህ ዐለት በአንዳች ምክንያት ወደ ላይ ከፍ ቢል፣ አንዲት ዲግሪ እንኳ ሙቀት ሳይጨመርበት፣ ክብደቱ ስለቀለለለት ብቻ ከፊሉ መቅለጥ ይጀምራል። የቀለጠው ከጠጣሩ ስለሚቀል ሽቅብ ይወጣል፤ ወደ ላይ በቀረበም ጊዜ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ጋዝ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው፣ አረፋ ሆኖ ይፈላል፤ እየገፋም ያስወጣዋል። ምድር እሳቷን አከማችታ የምትጠብቅ ጎተራ አለመሆኗን፣ እሳቱም በእንቅስቃሴዋ ሳለ በየጊዜው የሚወለድ መሆኑን ከተረዳን የቀረው ሁሉ ይቀልልናል።

አሁን ደግሞ ወደ እንቅስቃሴው እንለፍ። የምድር ቅርፊት ከሥሩ ካለው ጠንካራ የማንትል ክፍል ጋራ ተያይዞ፣ በአንዳንድ ታላላቅና በብዙ ታናናሽ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው፤ ሊቃውንቱ ቴክቶኒክ ፕሌት የሚሏቸው እነዚህን ነው። አህጉራት ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ ብሎ በ1912 በጀርመን አገር በጉባኤ የተናገረው አልፍሬድ ቬገነር ነበር፤ በዚያው ዓመት ወደ ግሪንላንድ ሲጓዝ በአይስላንድ አልፎ፣ ለጉዞው የሚሆኑትን ፈረሶች በዚያች ደሴት ላይ አለማምዷል። ያ ሰው በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ እስኪሞት ድረስ ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት አላመኑትም፤ እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ፣ የነገሩ ማስረጃ በየብስ ላይ ከሚታይባቸው ከጥቂቶቹ ስፍራዎች በአንዱ ላይ እግሩ ረግጦ ሳለ ትርጓሜውን ሳያገኝ ማለፉ ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ከሰሜን እስከ ደቡብ የሚዘረጋ ታላቅ የተራራ ሰንሰለት አለና፤ በዚያም ሰንሰለት ላይ የሰሜን አሜሪካና የዩራሲያ ሰሌዳዎች በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይለያያሉ፤ በተለያዩም መጠን ማንትሉ ወደ ክፍተቱ ከፍ ይላል፣ ይቀልጣል፣ ክፍተቱንም እየሞላ አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል። ይህ ሥራ ሁሉ በቀላያት ውስጥ ተሰውሮ የሚፈጸም ሲሆን፣ በአይስላንድ ግን ሰንሰለቱ ራሱ ከባሕር በላይ ወጥቶ ይታያል።

ስለምን በአይስላንድ ብቻ እንዲህ ጎልቶ ወጣ ቢባል፣ ከደሴቲቱ በታች ከጥልቅ የሚነሣ፣ ከአካባቢው ይልቅ የጋለ የማንትል ዓምድ ስላለ ነው። በሌላው ውቅያኖስ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል የሚወፍረው ቅርፊት በአይስላንድ ሥር ሠላሳና ከዚያም በላይ ኪሎ ሜትር የሚወፍረው፣ ከዚህ ዓምድ የሚቀልጠው ማግማ ብዙ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አይስላንድ የሁለት ምክንያት ልጅ ናት፤ ሰሌዳዎቹ በመለያየታቸው በር ይከፍታሉ፣ ዓምዱም በሩን የሚያጥለቀልቅ ማግማ ያቀርባል። በሩ ብቻ ቢኖር ኖሮ ከውሃ በታች የተሸሸገ ሸንተረር በሆነች ነበር።

ዓምዱ ብቻውን፣ ያለ በር፣ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ወደ ሃዋይ ይመልከት። አንድ ሰው ቆሞ በሚበራ ጧፍ ላይ ብራና ዘርግቶ ቀስ እያለ ቢጎትተው፣ ጧፉ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ በብራናው ላይ ተራ በተራ የተደረደሩ ጠባሳዎች ይታያሉ። የፓሲፊክ ሰሌዳ ብራናው ነው፤ በዓመት ከሰባት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይጓዛል፤ ከሥሩ ያለው የጋለ ዓምድ ደግሞ ጧፉ ነው። የካናዳው ሊቅ ቱዞ ዊልሰን በ1963፣ ሱርትሴይ በተወለደችበት በዚያው ዓመት፣ ይህን አሳብ አቀረበ። ከደሴቶቹ አንዷ ካዋይ አምስት ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆናት፣ እሳቱ ዛሬ የሚነድባት ታላቂቱ ደሴት ግን አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላትም፤ ከእርሷም በስተደቡብ ምሥራቅ ከባሕሩ ፊት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ገና ያልተወለደ ደሴት በማደግ ላይ ይገኛል። ያረጁት ደሴቶች ከእሳቱ ርቀው እየበረዱ፣ በራሳቸው ክብደት እየሰጠሙ፣ በማዕበል እየተበሉ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄደው ሄደው ከውሃ በታች ተራሮች ይሆናሉ፤ ሰልፉም 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። የሃዋይ ተወላጆች ፔሌ የምትባለው የእሳት አምላካቸው ከካዋይ ተነሥታ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሰደደች በመጨረሻዪቱ እንደሰፈረች ከጥንት ጀምሮ ይተርኩ ነበር፤ የሳይንስ ሊቃውንት በዐለት ዕድሜ መርምረው የደረሱበትን ቅደም ተከተል የደሴቱ ሰዎች ተራሮቻቸውን አይተው አስቀድመው ማወቃቸውን ሳስብ ታላቅ አክብሮት ያድርብኛል።

ነገር ግን የንግግሬ ልብ ያለው በአይስላንድ ሰሜን፣ ክራፍላ በሚባለው ስፍራ ነው፤ ትዕግሥታችሁን የምለምነውም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ሰሌዳዎች በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ይለያያሉ ስንል፣ ምድር በየዓመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ትከፈታለች ማለታችን አይደለም። በሩቅ ያሉት የሰሌዳዎቹ ክፍሎች ሳያቋርጡ ይጓዛሉ፤ ድንበሩ ላይ ያለው ዐለት ግን ተያይዞ ይቆያልና፣ እንደሚወጠር ጠፍር እየተለጠጠ፣ ያልተከፈለውን ርቀት እንደ ዕዳ በውስጡ ያከማቻል። በክራፍላ አካባቢ ይህ ዕዳ የተከፈለበት ያለፈው ጊዜ ከ1724 እስከ 1729 ሚቫትን በሚባለው ስፍራ የነደደው እሳት ነበር። በዚያን ጊዜ ከመሬት በላይ ወጥቶ የፈሰሰው ማግማ፣ ላቫ የሚባለው፣ ሬይክያህሊድ የተባለውን መንደር ሲያጠፋ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ግን ለሁለት ተከፍሎ አልፎታል፤ የቀዘቀዘው ጥቁር ዐለትም ዛሬ ድረስ ቅጽሩን ከብቦት ይታያል። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ዝም አለ። ሁለት ሳንቲ ሜትር በሁለት መቶ ኀምሳ ሲባዛ አምስት ሜትር ነው።

በዲሴምበር 1975 ዕዳው ተጠየቀ። ከመሬት በታች ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኝ ጉድጓድ ማግማ ሲጠራቀም፣ በላዩ ያለው ሜዳ ትንፋሹን እንደሚስብ ሰው ደረት በየቀኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ከፍ ይል ጀመር፤ ለወራት እንዲህ ካበጠ በኋላ ድንገት በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። የሚወርደው ማግማው ወደ ላይ ስለወጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛው ወደ ጎን ሄዶ ነው። ከመሬት በታች የተወጠረውን ዐለት እየሰነጠቀ፣ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር የሆነ የቅልጥ ዐለት ግድግዳ ይሆናል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ዳይክ የሚሉት ይህ ግድግዳ ሲበርድ፣ ምድር ለዘላለም በዚያን ያህል ሰፍታ ትቀራለች። ይህ ማበጥና መውረድ እስከ 1984 ድረስ ሃያ ጊዜ ያህል ተደጋገመ፤ ከሃያውም ላቫ ከመሬት በላይ የፈሰሰው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ባለቀ ጊዜ ስንጥቁ በአንዳንድ ስፍራ እስከ ስምንት ሜትር ሰፍቶ ተገኘ፤ የሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ዕዳ በዘጠኝ ዓመት ተከፈለ ማለት ነው።

በመካከሉ፣ በሴፕቴምበር 1977፣ ከክራፍላ በስተደቡብ ለእንፋሎት በተቆፈረ ጉድጓድ በኩል ማግማ ወጥቶ፣ ሰዎች የሠሩት ቧንቧ ለጥቂት ደቂቃ የእሳተ ገሞራ አፍ ሆኗል። ከመሬት በታች ወደ ጎን የሚጓዘው ዳይክ ጉድጓዱን አግኝቶ ነበርና። ይህን የሚያህል ምስክርነት በመጻሕፍት ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም፤ ማግማው ከመነሻው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ጎን መጓዙን የተጠራጠረ ሰው ቢኖር፣ ከዚያ ጉድጓድ የወጣውን ጥቁር ዐለት በእጁ ሊዳስስ ይችል ነበር።

እንግዲህ በንግግሬ መጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። ምድርን የሰነጠቃት ማግማው ነውን? በክራፍላ ያየነው የሚነግረን፣ ዐለቱን እስከ መሰንጠቅ አፋፍ ያደረሰው የሰሌዳዎቹ ጉዞ መሆኑን፣ የሰነጠቀው እጅ ግን የማግማው መሆኑን ነው። ማግማ ባይኖር ያን ያህል የወፈረ ዐለት በመወጠር ብቻ ለመበጠስ እጅግ ታላቅ ኃይል ይጠይቅ ነበር፤ የማግማው ግፊት ሲጨመርበት ግን አነስተኛ ውጥረት ይበቃዋል። በአንጻሩም ሰሌዳዎቹ ባይወጥሩት ኖሮ ማግማው የሚገባበት ስፍራ ባጣ፣ በጉድጓዱም ታፍኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ ነው ብሎ የሚያስተምር መምህር ቢኖር ከነገሩ እኩሌታውን ብቻ ይነግራችኋል።

ይህ ሥራ በሰው ላይ የሚያመጣውን መከራ ሳልናገር ብቀር ግን ትምህርቴ ጎደሎ ነው። በ1783 የአውሮፓውያን የጰራቅሊጦስ በዓል በዋለበት ሰንበት፣ ጁን 8 ቀን፣ በደቡብ አይስላንድ ላኪ በሚባለው ስፍራ 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተ፤ እሳቱም እስከ ፌብሩዋሪ 1784 ሳያርፍ ከ14 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ ላቫ አፈሰሰ። በክርክዩባየርክሎስትር የነበሩት ቄስ ዮን ስቴይንግሪምሶን፣ ላቫው በወንዙ ሸለቆ ወደ መንደራቸው ሲገሠግሥ፣ ጁላይ 20 ቀን ምእመናኑን በቤተ ክርስቲያን ሰብስበው ጸሎትና ስብከት አደረጉ፤ ከጸሎት ሲወጡም ላቫው በደረሰበት ቆሞ አገኙት። እኒህ ካህን ያዩትን ሁሉ፣ የእሳቱን መልክ፣ የአየሩን ሽታ፣ የሣሩንና የከብቱን ሁኔታ በጥንቃቄ ጽፈው ስላቆዩ፣ የዛሬ ሊቃውንት ስለ ላኪ የሚያውቁት ብዙው ከእርሳቸው ጽሑፍ የተገኘ ነው። ላቫው ቆመ፤ ጥፋቱ ግን አልቆመም። ከስንጥቁ የወጣው ጋዝ ሣሩን በፍሎሪን መረዘው፤ ከበጎች ከአምስቱ አራቱ እጅ፣ ከላምና ከፈረሱም እኩሌታው አለቀ፤ ተከትሎ በመጣው ረኃብም ከአገሩ ሕዝብ አምስተኛው እጅ ያህል ሞተ። ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ቁጥር እንደ ቁጥር ብቻ አያነበውም።

ዛሬ መከራው የሚቀልለው እሳቱን ማጥፋት ስለተቻለ አይደለም፤ የዳይኩን ጉዞ መከታተል ስለተቻለ ነው። ማግማ ዐለቱን እየሰነጠቀ ሲሄድ በየእርምጃው ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣልና፣ መሣሪያዎቹ እነዚህን እየቆጠሩ መንገዱን ይሥላሉ፤ ሳተላይቶችም የመሬቱን መነሣትና መስጠም በሳንቲ ሜትር ይለካሉ። በኦገስት 2014 ከባውርዳርቡንጋ ተራራ በታች የተነሣ ዳይክ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ሲጓዝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የደረሰበት ይታወቅ ነበር። በኖቬምበር 10 ቀን 2023 ምሽት ደግሞ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ዳይክ በግሪንዳቪክ ከተማ ሥር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲገባ፣ ከ3,500 በላይ የሚሆነው ነዋሪ በዚያው ሌሊት ቤቱን ጥሎ እንዲወጣ ተደረገ። ላቫው በከተማዪቱ ጠርዝ ገብቶ ቤቶችን ያቃጠለው ከሁለት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024 ነበር፤ በዚያን ጊዜ በቤቶቹ ውስጥ ሰው አልነበረም። በዚያ ሌሊት መኪናቸው ውስጥ ሕፃናትን አሳፍረው በጨለማ የወጡት እናቶች ምን እንደተሰማቸው አላውቅም፤ እነርሱን በጊዜ ያስወጣው ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የመሬትን መንቀጥቀጥ ሲቆጥር ያደረ ባለሙያ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ከቅዱስ አገልግሎት እቆጥረዋለሁ።

ሰሌዳዎች ሲጋጩና አንዱ ከሌላው በታች ሲሰጥም የሚወለዱትን ደሴቶች በአጭሩ ብቻ ልጥቀስ፤ ጠባያቸው ሌላ ስለሆነ ለብቻው ንግግር ይገባዋል። በእነዚህ ደሴቶች ዐለቱን የሚያቀልጠው የክብደት መቅለል ሳይሆን ውሃ ነው፤ የሚሰጥመው ሰሌዳ የባሕርን ውሃ በዐለቱ ውስጥ ይዞ ይወርዳል፤ በጥልቅም ሲለቀው የማንትሉ ዐለት በአነስተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ያደርገዋል። ከዚህ የሚገኘው ማግማ ከአይስላንድና ከሃዋይ ማግማ ይልቅ ወፍራምና ጋዝ የበዛበት ስለሆነ፣ ከመፍሰስ ይልቅ መፈንዳት ይቀናዋል። በኦገስት 27 ቀን 1883 የፈነዳው የኢንዶኔዥያው ክራካታው፣ በአብዛኛው ባስነሣው ማዕበል፣ ከ36,000 በላይ ሰው ያለቀበት ምክንያት ይህ ነው፤ ከ1995 ጀምሮ የነደደው የሞንሰራት ደሴት ተራራ ዋና ከተማዪቱን ፕሊመዝን በዐመድ የቀበራትም በዚሁ ጠባይ ነው።

አሁን ግን ወደ ቤታችን የሚያደርሰንን መንገድ እንያዝ። የውቅያኖስ ወለል የሚሠራበትን ሥራ ሰው በደረቅ እግሩ ቆሞ የሚያይበት ከአይስላንድ ሌላ ታላቅ ስፍራ በዓለም ቢፈለግ፣ የሚገኘው በአፋር ነው። በዚያ ሦስት ሰሌዳዎች፣ የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዐረብ፣ ይለያያሉ፤ ከሥራቸውም እንደ አይስላንድ ሁሉ የጋለ ማንትል ይወጣል፤ የሰሜን ደጋችንን ተራሮች የሠራው የ30 ሚሊዮን ዓመቱ የጥቁር ድንጋይ ጎርፍም ከዚሁ የመጣ ነው። በሴፕቴምበር 2005 በዳባሁ ተራራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዳይክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምድርን ሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ ስምንት ሜትር አራራቃት፤ ከመሬት በላይ የታየው ግን አንዲት ታናሽ የዐመድ ፍንዳታ ብቻ ነበረች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋራ ወደ ስፍራው ወርደው ሲመረምሩ፣ ነገሩን የመሰሉት በክራፍላ ነው፤ እንደ ክራፍላም እስከ 2010 ድረስ ሌሎች ዳይኮች ተከታትለው ገቡ። የአፋር አርብቶ አደሮች ምድር ስትከፈት በዓይናቸው አይተው የመሰከሩት ምስክርነትም ለሊቃውንቱ ማስረጃ ሆኖላቸዋል።

በአፋር ደሴት የለም የሚለኝ ሰው ይኖር ይሆናል። የዳናክል ረባዳ ምድር ግን ከባሕር ወለል በታች እስከ 120 ሜትር የሚሰጥም ነው፤ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ገብቶ ሞልቶት ነበርና፣ በዳርቻው ላይ የባሕር ዛጎልና የኮራል ግንብ ደርቆ ቆሞ ይገኛል፤ ለአባቶቻችን እንደ ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል የኖረው አሞሌ ጨውም ያ ባሕር ሲተን ትቶት የሄደው ነው። ኤርታሌ ከዚህ ረባዳ መካከል ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ይደርሳል። ባሕሩ አንድ ቀን በሰሜን በኩል ያለውን ዝቅተኛ ግድብ አልፎ ዳግመኛ ቢገባ፣ ዛሬ ግመሎች የሚሄዱበት ሜዳ ውሃ ይሆናል፣ ኤርታሌም በውሃ የተከበበ የእሳት ደሴት ሆኖ ይቆማል። የቀይ ባሕርም ወለል ከኤርታሌ ጋራ በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ በዲሴምበር 2011 በየመን ጠረፍ አንጻር ባሉት በዙበይር ደሴቶች መካከል ዳይክ ገብቶ ሾላን የተባለች አዲስ ደሴት ተወለደች፤ በ2013ም ጃዲድ የተባለች ሁለተኛ ደሴት ተከተለቻት። የሾላንን መወለድ አስቀድመው ያዩት እንደ አይስላንዱ ጊዜ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ከባሕሩ መካከል የቀላ እሳት ሽቅብ ሲወረወር አይተው ወደ ወደባቸው ተመልሰው ተናገሩ።